አዲስ ፕሮጀክት ተረክቤያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በምን ላውላቸው?

አዲስ ፒኤም • ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ።

እስካሁን በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ ነው የሠራሁት። ቴክ ኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ማውጣት)፣ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የሚቀርብ የክፍያ ጥያቄ)፣ ወርሃዊ ሪፖርት፣ ይሄን አውቀዋለሁ። አሁን ፕሮጀክት ማናጀር ተብዬ ተመድቤያለሁ። ሥራው በአንድ ወረዳ ከተማ የሚገነባ ጤና ጣቢያ ነው። የተመላላሽ ሕክምና፣ የማዋለጃ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ አጥርና የግቢ መንገድ አለው። ውሉ የካቲት ላይ ተፈርሟል። የማጠናቀቂያ ጊዜው 365 ቀን ነው።

የሳይት ርክክብ ገና አልተደረገም። ቦታውን ሄጄ አይቼዋለሁ። በአንደኛው ጥግ የአንድ አባወራ አጥርና ባሕር ዛፍ አለ። ካሳ ተከፍሎታል ወይስ አልተከፈለውም ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አፈሩ ጥቁር ነው። ሰኔ ከገባ ደግሞ ዝናቡ አያሠራም። ሥራ አስኪያጃችን "በሚቀጥለው ሳምንት ቁፋሮ ጀምሪ፣ ኤክስካቫተሩ ቆሞ መዋል የለበትም" ብለውኛል።

አካፋ ከመነሳቱ በፊት የፕሮጀክት ማናጀር ድርሻ በትክክል ምንድን ነው? የቱ ይቅደም? የቱ ይቆይ? የቱን ነው እንቢ ማለት ያለብኝ? በሥራው ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ተቋራጭ ደረጃ 5 • ሰኞ ማታ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። በግልጽ ልንገርሽ፤ ጀምሪ። አሁን መጋቢት ነው። ወረቀት ስታገላብጪ ክረምቱ ይደርሳል። መሠረቱ ከዝናብ በፊት ከመሬት ካልወጣ እስከ መስከረም ጭቃ ነው የምትጠብቂው። ዕቅድስ ቢሆን? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ሲባል በእጃችን የነበረው የዋጋ ስሌት ሁሉ ተገለባብጧል። እዚህ አገር ሥራን የሚያስተምርሽ ሳይቱ ነው። ማሽን ከገባ ሁሉም ይነቃል። ባለቤቱም (አሠሪው መሥሪያ ቤት)፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪም፣ ወረዳውም።

የሳይት ሽማግሌ • ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከላይ የጻፈው ወንድማችን ስለ ክረምቱ ያለው እውነት ነው። ግን ርክክብ ባልተደረገበት መሬት ላይ ማሽን አታስገቢ። እንቢ የምትይው ነገር ካለ እሱ ነው።

ርክክብ ሲደረግ የቦታው ወሰን፣ የቤንች ማርኩ ነጥብ (ከፍታ የሚለካበት መነሻ)ና መሬቱ ነጻ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ባለቤቱ ይፈርማል፣ አማካሪው ይፈርማል፣ አንቺም ትፈርሚያለሽ። በብዙ ውሎች የሥራው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረውም ከዚህ ወይም ከሥራ ማስጀመሪያ ትዕዛዙ ጋር ተያይዞ ነው። ያለ ርክክብ ቆፍረሽ አባወራው ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ ቢያመጣ ማሽኑ ይቆማል። ሠራተኛው ይበተናል። ጊዜ ይጨመርልኝ ብትይ "ማን ግቢ አለሽ?" ትባያለሽ። መልስ የለሽም።

ወሰን ማስከበር የባለቤቱ ሥራ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳው እንዴት እንደሚከፈል በአዋጅ 1161/2011 ተደንግጓል። ተቋራጭ በዚህ ውስጥ ገብቶ አይደራደርም። የአንቺ ድርሻ መሰናክሉን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ስንት ዛፍ እንዳለ፣ አጥሩ ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሚያርፍ በሳይት ፕላኑ ላይ አመልክቺ። ፎቶ አንሺ። ከዚያ ለባለቤቱ ላኪ፣ አማካሪውም ይወቀው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ጥጉ የሚነካው አጥሩንና የሠራተኞቹን መኖሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ዋናው ሕንፃ የሚያርፍበትን ለይተው እንዲያስረክቡሽ ጠይቂ። ከፊል ርክክብ የተለመደ ነገር ነው። ሥራ አስኪያጅሽም ማሽናቸው አይቆምባቸውም፣ አንቺም በአግባቡ ትገቢያለሽ። የቀረው ቦታ የዘገየበት ጊዜ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።

ወደ አባወራው ቤትም ሂጂ። ስለ ካሳ ለመነጋገር አይደለም። ማን እንደሆንሽ ይወቅ። ጉዳዩ ሳያልቅ ዛፉ እንደማይነካ ከአንቺው አፍ ይስማ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወይም አንድ የሰፈር ሽማግሌ አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነው። እዚያ ሳይት ላይ ዓመት ትኖሪያለሽ። የጥበቃ ሠራተኛ፣ ውሃ፣ የዕቃ መጋዘን ቦታ፣ ሁሉንም የምታገኚው ከጎረቤት ነው።

ከዚያ ውሉን አንብቢ። በደንብ። ጨረታውን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። ነጠላ ዋጋውን የሞላውም ሌላ ሰው ነው። አንቺ የእነሱን ግምት ነው የምትረከቢው። ልዩ የውል ሁኔታዎች የሚለውን ክፍል ከሁሉ በፊት ክፈቺ፤ ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች የሚለው ክፍል ያለውን ሊለውጠው ይችላል። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ስንት ነው? የዋጋ ማስተካከያ አለ? ክፍያ ከቀረበ በኋላ በስንት ቀን ይከፈላል? ተጨማሪ ሥራ የሚያዘው ማን ነው? የአማካሪው መሐንዲስ ብቻውን እስከ ስንት ብር ድረስ መፍቀድ ይችላል? የማሳወቂያ ቀናቱስ? በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የግንባታ ውል ተቋራጩ የጊዜ ወይም የገንዘብ ጥያቄ ካለው ነገሩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ካለፈው መብቱ ቀረ። የእናንተ ውል በመንግሥት ግዥ ቅጽ ከሆነ ቀኑ ሊለይ ይችላል። ቁጥሩን ከራስሽ ውል አውጥተሽ ሳይት ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ጥሩ መሐንዲሶች ሥራውን ሠርተው ገንዘቡን ያጡት በዚህ ነው። ሳይታክቱ ሠርተዋል። ደብዳቤ አልጻፉም።

ሬዚደንት ኢንጂነር • ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ በአማካሪ በኩል ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ተቋራጮች ሲጀምሩ የሚዘነጉትን ከእኛ ወንበር ሆኜ ልጨምር።

ኮንክሪት። ጠጠሩና አሸዋው ከየት እንደሚመጣ ይወሰናል። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሚክስ ዲዛይን (የኮንክሪቱ ቅልቅል መጠን) ይሠራል። ኪዩብ (የኮንክሪት መፈተሻ ናሙና) ተሞልቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። የ7 ቀኑ ውጤት አቅጣጫ ያሳያል፤ ጥንካሬው የሚለካው ግን በ28 ቀኑ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ናሙናው በዚህ ሳምንት ካልሄደ ኮንክሪት የምትሞይው ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ነው። ይሄ ሥራ ርክክብ አይፈልግም። ማሽን አይፈልግም። አንድ ፒክ አፕና ጥቂት ጆንያ ይበቃዋል። ሥራ አስኪያጅሽ "ምን እየሠራሽ ነው?" ካሉ ይሄን አሳያቸው።

አሁን ወደ ጥቁሩ አፈር። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኤክስካቫተር ገብቶ በሁለት ሳምንት ጉድጓዱን ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። ግን ብረቱ አልቀረበም፣ ሚክስ ዲዛይኑ አልጸደቀም እንበል። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ዝናብ ይገባበታል። ውሃ የተኛበት የመሠረት መቀመጫ ይለሰልሳል። እኔ እንደ ተቆጣጣሪ በዚያ ላይ ኮንክሪት አላስሞላም። የተበላሸው አፈር ይወጣል፣ በተመረጠ አፈር ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል። ወጪው የተቋራጩ ነው። ስለዚህ "ከዝናብ በፊት ጀምሪ" የሚለው ምክር ዋጋ ያለው ከዝናብ በፊት ከመሬት መውጣት ከቻልሽ ብቻ ነው። ካልቻልሽ በብሎክ ከፍለሽ ሂጂ። ጉልበትሽ የሚበቃውን ሕንፃ ብቻ ክፈቺ፣ ሞልተሽ አውጪው፣ ከዚያ ቀጣዩን።

የአፈር ምርመራ ሪፖርት ጠይቂ። የጤና ጣቢያ ፕላን ብዙ ጊዜ ለብዙ ቦታ የሚያገለግል ስታንዳርድ ዲዛይን ነው። ያንቺን አፈር አያውቀውም። ሪፖርቱ ከሌለ መሠረቱ ለዚህ አፈር ይሁን አይሁን በጽሑፍ እንዲረጋገጥልሽ ጠይቂን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ካስረከበ በኋላም ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። ይህ ጥያቄ ለእኛም ይጠቅመናል፤ የሚከፋን አይምሰልሽ።

ሌላው ሰርቬይ ነው። ከመቆፈርሽ በፊት የተፈጥሮ መሬቱን ከፍታ ከእኛ ሰርቬየር ጋር አብራችሁ ለኩና ተፈራረሙ። የቁፋሮ መጠን የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። ከተቆፈረ በኋላ መሬቱ የት እንደነበር ማን ያረጋግጥልሻል? በዚህ የተነሳ ከባድ ጭቅጭቅ አይቻለሁ።

ፕላኖቹንም እርስ በርስ አስተያዪያቸው። አርኪቴክቸሩን ከስትራክቸሩ፣ ሳኒተሪውን ከኤሌክትሪኩ፣ ሁሉንም ከቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ጋር። የማይገጥመውን ዘርዝረሽ በአንድ ደብዳቤ ላኪልን። በወረቀት ላይ ሳለ የተገኘ ግጭት በእርሳስ ይስተካከላል፤ ግድግዳው ከቆመ ግን መሮ ነው።

አርኪቴክት ነኝ • ማክሰኞ ማታ

ዲዛይኑ ሳያልቅ መሬት ተቆፍሮ ምን እንደሚመጣ የሲድኒው ኦፔራ ሃውስ ያሳያል። ግንባታው የተጀመረው መጋቢት 1959 እ.ኤ.አ. ነው። መንግሥት የሕዝብ ድጋፍና ገንዘቡ ሳይቀዘቅዝ ይጀመር ብሎ ገፋ። አርኪቴክቱ ዮርን ኡትዞን የጣሪያው ቅርጽ በምን ዘዴ እንደሚሠራ ገና መፍትሔ አላገኘም ነበር። በኋላ ጣሪያው ሲወሰን ቀድመው የቆሙት ዓምዶች ክብደቱን የማይችሉ ሆኑ። እንደገና መሠራት ነበረባቸው። 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል የተባለው ሥራ 102 ሚሊዮን ፈጀ። ኡትዞን በ1966 ትቶ ሄደ። ሕንፃው የተመረቀው በ1973 ነው።

ዛሬ ዓለም ያደንቀዋል። እኔም ከሚያደንቁት ነኝ። ግን የወረዳ ጤና ጣቢያ 14 ዓመት የሚጠብቅ እናት የለውም።

ተቋራጭ ደረጃ 5 • ማክሰኞ ማታ

ሬዚደንት ኢንጂነሩ ስለ ክፍት ጉድጓድ ያለውን እቀበላለሁ። በብሎክ መክፈት ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ትንሽ ተቋራጭ ገንዘብ የለውም። ማሽን ተከራይቶ ካቆመ በየቀኑ ይደማል። ሥራ አስኪያጅሽ ክፉ ስለሆኑ አይደለም "ጀምሪ" የሚሉት። የመጀመሪያው የክፍያ ሰርተፊኬት ቶሎ ካልወጣ ደሞዝ የለም። ፕሮጀክት ማናጀር ይሄን ካልተረዳ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሁልጊዜ እንደተጣላ ይኖራል። ስለ ገንዘቡ የሚያውቅ ሰው ይጻፍላት።

ሒሳብ ክፍል • ረቡዕ ጠዋት

እኔ ልጻፍ። ለዓመታት የተቋራጭ ሒሳብ ይዣለሁ።

በመንግሥት ሥራ ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ግን ያው መጠን ያለው ዋስትና ይፈልጋል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ደግሞ ለብቻው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ። ባንኩ ወይም ኢንሹራንሱ እስኪሰጥ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ለእኛ ክፍል ይሁን፤ ዋስትናዎቹ የት ደረሱ?

ቅድሚያ ክፍያውን እንደ ትርፍ የሚያዩ አሉ። በምሳሌ ላሳይሽ። ውሉ 40 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 12 ሚሊዮን ቅድሚያ ወሰድሽ። ከዚያ በአንድ ወር የ4 ሚሊዮን ብር ሥራ ሠራሽ። ከሱ ላይ 30 በመቶ ለቅድሚያው ተመላሽ፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን ይቀነሳል። 5 በመቶ ሪቴንሽን (ለሥራው ጥራት መያዣ የሚሆን ገንዘብ)፣ ማለትም 200 ሺህ ይያዛል። እጅሽ የሚገባው፣ ታክሱን ሳንቆጥር፣ 2.6 ሚሊዮን ነው። የ4 ሚሊዮኑን ሥራ ለመሥራት 3.5 ሚሊዮን ካወጣሽ ልዩነቱን የሚሸፍነው ያ ቅድሚያ ክፍያ ነው። እሱ ሌላ ሳይት ላይ ከዋለ ወይም መኪና ከተገዛበት በአራተኛው ወር ትቆሚያለሽ።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀመጪና ቅድሚያ ክፍያው ለምን ለምን እንደሚውል በወር በወር ጻፉት። ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ካምፕ፣ የማሽን ኪራይ፣ የመጀመሪያ ሁለት ወር ደሞዝ። ይፈርሙበት። ከባድ ውይይት ነው። ግን የዛሬው ይሻላል።

ስለ በጀት ዓመቱም አስቢ። የመንግሥት ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል። የባለቤቱ መሥሪያ ቤት የዘንድሮ በጀቱን ሳይጠቀምበት ቢቀር እሱም ይቸገራል። እስከ ግንቦት ሊከፈል የሚችል ሥራ ካለሽ ሰርተፊኬቱን በጊዜ አቅርቢ። ሐምሌና ነሐሴ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ክፍያ ይንቀራፈፋል። ለእነዚያ ወራት የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ይታሰብ።

ሠራተኛ ስትቀጥሪ የጡረታ መዋጮውን ከወዲሁ ዋጋ ውስጥ አስገቢ። የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ብዙ ሳይት ላይ ይሄ ተረስቶ በኋላ ከነቅጣቱ ይመጣል።

አዲስ ፒኤም • ረቡዕ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት የአሸዋና የጠጠር ናሙና እንዲወሰድ አድርጌያለሁ። ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኳቸው። ስለ ክፍት ጉድጓዱ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ማሽኑን ለጊዜው ወደ ሌላ ሳይት ሊልኩት ተስማምተዋል። ቅድሚያ ክፍያውን በጽሑፍ እንከፋፍለው ስል ግን "እሱ የእኔ ጉዳይ ነው" አሉኝ።

ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅዎት። ሥልጣኔ እስከ የት እንደሆነ አልተነገረኝም። ዕቃ የሚገዛው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሳብ ኮንትራክተሩን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ፎርማኑ ለብዙ ዘመን አብሯቸው የሠራ ሰው ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። የሆነ ነገር ሳዝ ወደ እሳቸው ይደውላል። በዚህ ሁኔታ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ማለት ይቻላል?

የሳይት ሽማግሌ • ሐሙስ ጠዋት

ኃላፊነቱማ የአንቺው ነው። ሳይቱ ቢዘገይ የሚጠሩት አንቺን ነው። ስለዚህ ሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቂ። ሳትፈሪ። የምደባ ደብዳቤሽ "ፕሮጀክት ማናጀር ሆነሽ ተመድበሻል" ብቻ የሚል ከሆነ አይበቃም። በሳይት ደረጃ እስከ ስንት ብር መግዛት እንደምትችዪ፣ የቀን ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት የማን እንደሆነ፣ ለአማካሪው ደብዳቤ ማን እንደሚፈርም፣ የሳብ ኮንትራክተሩን ሥራ አልቀበልም ማለት እንደምትችዪ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ራስሽ አርቅቂላቸው። ሥራ የሚበዛበት ሰው ባዶ ወረቀት አይሞላም፣ የተዘጋጀ ግን ያርማል።

ገንዘቡን በሚመለከት "የእኔ ጉዳይ ነው" ካሉ አትጨቃጨቂ። የሚያስፈልግሽን በወር ዘርዝሪና አስገቢ። በዚህ ቀን ይሄን ያህል ብረት ካልገባ ይሄ ሥራ ይቆማል ብለሽ። ገንዘቡን ማስተዳደር የሳቸው ነው። ፍላጎቱን አስቀድሞ ማሳወቅ ያንቺ ነው።

ስለ ፎርማኑ። አንቱ እያልሽ አነጋግሪው። በመጀመሪያ ቀን ሳይቱን አብራችሁ ዙሩ። ካባ ድንጋይ ከየት ይሻላል፣ በዚህ አገር ጥሩ ግንበኛ ማን ነው፣ ውሃ የት ይገኛል ብለሽ ጠይቂው። ያውቃል። የምትፈልጊውን መረጃ ግማሹን ከሱ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አስረጅው። ሙሌት ከመሞላቱ በፊት፣ ብረት ከመሸፈኑ በፊት የተቆጣጣሪ ፊርማ እንደሚያስፈልግና ያለሱ ሥራ እንደማይከፈል። ይሄ ያንቺ ፍላጎት ሳይሆን የውሉ ሕግ መሆኑን ካወቀ ይደግፍሻል። ለሥራ አስኪያጁ የሚደውለው ክፉ ስላሰበ አይደለም። ማን እንደሚያዝ ስላልተነገረው ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሳይት መጥተው በሁሉም ፊት ያስተዋውቁሽ። ይሄን በግድ ጠይቂ።

ኮድ ጸሐፊ • ሐሙስ ከሰዓት

እኔ በሶፍትዌር ሥራ ነኝ፣ ግን እየተደነቅኩ ነው የማነበው። ጋሼ "አንድ ገጽ" ያሉት በእኛ ዘርፍ የፕሮጀክት ቻርተር የሚባለው ነው። ሥራው ለምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማያካትት፣ ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚረከብ ይጻፍበታል። "ምን እንደማያካትት" የሚለውን እንዳትዘዪው። ግቢው ውስጥ የቆሻሻ ማቃጠያ አለ? ጄኔሬተር ቤትስ? በፕላኑ ላይ ከሌለ ሰው ሁሉ አለ ብሎ ነው የሚያስበው።

ውሃና ልማት • ሐሙስ ማታ

ከኮድ ጸሐፊ ሐሳብ ልነሳ። እኔ በገጠር ውሃ ፕሮጀክቶች ነው የምሠራው። እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ ባለቤቱ፣ ስለ አማካሪውና ስለ ተቋራጩ ነው። እዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠሩት ነርሶችና አዋላጆች የሉም። እዚያ የሚወልዱት እናቶችም የሉም።

ተቋራጭ ዲዛይን አይቀይርም፣ አውቃለሁ። ግን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋር ሄደሽ ፕላኑን አብራችሁ ተመልከቱ። ከአዋላጅ ነርስ ጋርም። "አምቡላንስ በየት ነው የሚገባው?" የሚል ጥያቄ እንዲሁ የሚመጣ ነው። በሩ ጠቦ ቃሬዛ የማይዞርበት ከሆነ ዛሬ ቢታወቅ ባለቤቱ በትንሽ ወጪ ያስተካክለዋል። ሕንፃው ሲያልቅ ቢታወቅ ማን ያፈርሰዋል?

ውሃውን ደግሞ አደራ። ለግንባታውም ለጤና ጣቢያውም ውሃ ያስፈልጋል። ምንጩ ምንድን ነው? ጉድጓድ ከሆነ የት አካባቢ ናችሁ? በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆችን ጥርስ ያቆሽሻል፣ በጣም ሲበዛ አጥንት ይጎዳል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተገጥሞ፣ ታንከር ቆሞ ከዚያ በኋላ ውሃው የተመረመረበትን ሥራ አይቻለሁ። ማኅበረሰቡ ከበሮ ይዞ ነበር የጠበቀው። ናሙናው ሲመጣ ለመጠጥ አይሆንም ተባለ። ያን ቀን የነበረውን ፊት መቼም አልረሳውም። በአካባቢው ያሉ የቆዩ ጉድጓዶች የውሃ ምርመራ ውጤት በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይገኝ ነበር። ሥራውን የጀመረው ሰው አልጠየቀም።

እኛ ዘንድ ፓይፕ ከመግባቱ በፊት የውሃ ኮሚቴው፣ ዋሽኮ የምንለው፣ ይመረጣል። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነጋገራሉ። ለጤና ጣቢያውም ይሄው ነው። የመብራትና የውሃ መስመር ማመልከቻ በማን ስም፣ መቼ ይገባል? ትራንስፎርመር ካስፈለገ ወራት ይወስዳል። ሕንፃው ተመርቆ ያለ መብራት የቆመባቸው ቦታዎች አሉ። ይሄ በውልሽ ውስጥ ያንቺ ሥራ ላይሆን ይችላል። የማን እንደሆነ ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስሙ ይጻፍ።

ከሻርጃ • ሐሙስ ማታ

እኔ እዚህ ኤምሬትስ ሳይት ላይ ነው የምሠራው። አንድም ሰው ስለ ደህንነት አላነሳም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳ።

እዚህ ማንም ሠራተኛ የደህንነት ገለጻ ሳይወስድ ሳይት አይገባም። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ፍጹም ነው አልልም፤ ችግር አለ። ግን ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል።

አገራችንም ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ18 በታች የሆነን ልጅ አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትም እንደዚሁ። በወረዳ ከተማ ሲሚንቶ የሚሸከሙትን ልጆች ሁላችንም አይተናል። በመጀመሪያው የቅጥር ቀን "እዚህ ሳይት ሕፃን አይሠራም" ካልሽ ያልቃል። በሦስተኛው ወር ልታስወጪያቸው ብትሞክሪ ግን ቤተሰብ ይመጣብሻል።

ከሁሉ በላይ ጉድጓዱን አስቢ። ጥልቅ ቦይ ጎኑ በደረጃ መቆረጥ ወይም ድጋፍ ይፈልጋል። ጥቁር አፈር ደርቆ ሲቆም ጠንካራ ይመስላል፣ ከዚያ በአንዴ ይናዳል። ሄልሜት፣ ቦት፣ ጓንት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ስልክ። የቢኦኪው ዝርዝር ውስጥ ዋጋ ባይያዝለትም ከመጀመሪያው ግዥ ጋር ይገዛ። ያ ፎርማን አባት የሚያህልሽ ከሆነ በዚህ ነገር ወገንሽ ይሆናል። የተቀበረ ሰው አይቶ ይሆናል።

አዲስ ፒኤም • ዓርብ ጠዋት

ሁሉንም አንብቤ አንብቤ ጨረስኩ። ሬዚደንት ኢንጂነር፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ጠየቅሁ፤ አለ ብለዋል፣ ሰኞ ይሰጡኛል። ዛሬ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አገኛለሁ። ከሻርጃ፣ ለደህንነት ዕቃ የግዥ ጥያቄ አስገብቻለሁ።

ለባለቤቱ የምልከውን ደብዳቤ እንዲህ አርቅቄዋለሁ። እርሙኝ።

"ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታ ርክክብ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ። በድርጅታችንና በመሥሪያ ቤታችሁ መካከል በየካቲት ወር የጤና ጣቢያ ግንባታ ውል መፈረሙ ይታወቃል። ሆኖም የሥራ ቦታው እስካሁን አልተረከበንም። በቦታው ምሥራቃዊ ጥግ የግለሰብ አጥርና ባሕር ዛፍ መኖሩን ባደረግነው ጉብኝት ተመልክተናል። ስለሆነም ችግሩ ተፈትቶ ቦታው በአስቸኳይ እንዲያስረክቡን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ሬዚደንት ኢንጂነር • ዓርብ ጠዋት

ጥሩ ነው፣ ግን "በአስቸኳይ" የሚለው ቀን አይደለም። የምትፈልጊውን ቀን ጻፊ። የውል ቁጥሩና የተፈረመበት ትክክለኛ ቀን ይግባ። ርክክቡ የተጠቀሰበትን የውሉን አንቀጽ ጥቀሺ። በዚህ ምክንያት ለሚመጣው መዘግየት የጊዜ ማራዘሚያ የመጠየቅ መብታችሁ የተጠበቀ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። አትፍሪው፤ ማንንም አያስቀይምም፤ ሁሌም የሚጻፍ ነው። ግልባጭ ለእኛ።

የሳይት ሽማግሌ • ዓርብ ከሰዓት

"አልተረከበንም" የሚለውን አርሚው፤ "አላስረከባችሁንም" ከማለት ይልቅ "ርክክብ አልተደረገም" በይው፤ ውሉን የፈረሙት ሰዎች ጋር ዓመት ሙሉ ትሠሪያለሽና ቃሉ ለስለስ ይበል። ከፊል ርክክቡንም አሁኑኑ በዚሁ ደብዳቤ አንሺው። ዋናው ሕንፃ፣ ላቦራቶሪውና ማዋለጃው የሚያርፉበት ቦታ ነጻ ስለሆነ በቅድሚያ እሱን ብታስረክቡን በዚህ ቀን ለመግባት ዝግጁ ነን ብለሽ። ሳይት ፕላኑንና ፎቶዎቹን አባሪ አድርጊ።

ደብዳቤውን በኢሜይል ብቻ አትላኪ። ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ በአንቺ ኮፒ ላይ ይመታ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ ግቢና በቃልም አስረጂያቸው።